«ብዙ አልጨፍርም»

«ምንም አይደል እታለም፤ የዚያን ቀን ብዙ አልጨፍርም።»

እህቴ ይህን ያለችኝ ታኅሣሥ ላይ ነው። ሰርጓ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እኔ እስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ የመልስ ቀሚሷን እለካታለሁ። እሷ መስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ፈገግ አለች። እንደ ቀላል ነገር ተናገረችው፤ እኔም እንደ ቀላል ነገር ሰማሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እህቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ንግግር ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳ ይገባዋል። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ጥምቀት ላይ ከአጎቶቻችን መሃል ገብታ እስክስታ ስትወርድ ሰው ክብ ሠርቶ ያያት ነበር። ሰርግ ቤት ስትጠራ ጫማዋን በር ላይ ጥላ ነው የምትገባው። ካልመሸና እናታችን ካልተቆጣች አትወጣም። ይህች ልጅ በገዛ ሰርጓ ብዙ አልጨፍርም አለች። ሐዘን የለባትም፣ አልታመመችም፣ ሙሽራውንም ትወደዋለች። የያዛት ቀሚሱ ነው። ቀሚሱን የሰፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የአያቴ ልቃቂት

ጨርቁ የገበያ አይደለም። አያቴ የፈተለችው ነው።

አያቴ የኖረችበት መንዝ የበግ አገር ነው። በርኖሱም ባናውም ከበጉ ጸጉር ይሠራል። ጥጥ ግን ብርድ አይወድም፤ ከቆላ ነው የሚመጣው። አያቴ ከይፋት በኩል የመጣ ጥጥ ትገዛና ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች። በደጋን ትነድፈዋለች። ባዘቶ አድርጋ ጠቅልላ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ እንዝርቱ ሲዞር አይኔን አልነቅልም ነበር። የፈተለችውን በልቃቂት በልቃቂት ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጣለች። «ለማን ነው?» ስንላት «ለሚያገባ» ትላለች።

ስታርፍ እናቴ ሳጥኑን እንዳለ ወደ ደብረ ብርሃን አመጣችው። ብዙ ዓመት አልጋ ሥር ተቀመጠ። ለእህቴ ሽማግሌ በተላከ በሳምንቱ እናቴ ልቃቂቶቹን አውጥታ ሸማኔ ዘንድ ወሰደቻቸው። ሸማኔው ድሩን የፋብሪካ ክር፣ ማጉን የአያቴን ፈትል አደረገው። የእጅ ፈትል ለድር ሲወጠር ቶሎ ይበጠሳል፤ ለማግ ግን የሚያህለው የለም። ጫፉ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ገባበት። ሲያልቅ 6 ሜትር ከ20 ሆነ። ወርዱ 85 ሳንቲ ነው። ሸማኔ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ስለሚቀበል የሸማ ወርድ ከክንዱ አልፎ አይሄድም። ይህ ወርድ በኋላ ብዙ ነገር ወሰነብኝ።

እናቴ ጨርቁን ጠባሴ ሰፈር ያለችው ሱቄ ድረስ ይዛው መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን አላነሳችም። «አንድ ነው ያለው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

እኔ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በእግር የምትረገጥ ጥቁር ሲንጀር አለችኝ። መብራት ጠፋ አልጠፋ አትሰንፍም። ብዙ ሙሽራ አልብሻለሁ። የዚያን ቀን ግን መቀሱን ለማንሳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ጨርቁን ውሃ አስነካሁት። የእጅ ሸማ ሳይታጠብ ከተቆረጠ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሙሽራዋም ከዓመት በኋላ የማይገባት ቀሚስ ይዛ ትቀራለች። ከውሃው ሲወጣ 6 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ጎደለ። ጥላ ላይ አሰጣሁት። ካውያ አሳረፍኩበት። ከዚያ ለካሁ። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል። እኔ ከአሥርም በላይ ለክቻለሁ። ደረቷን፣ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ዳሌዋን፣ ክንዷን።

የለካኋት ግን ቆማ ነው። እጇን ወደ ታች ለቃ፣ ቀጥ ብላ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው የምለካው እንዲህ ነው።

ስልክ ላይ ያለችው ልጅ

እህቴ ይዛ የመጣችው ዲዛይን ስልኳ ውስጥ ነበር። ትከሻው የተገለጠ፣ ወገቡና ዳሌው የተጣበቀ፣ ከጉልበት በታች እንደ ዓሣ ጭራ የሚዘረጋ የሀበሻ ቀሚስ። ያምራል፤ ያማረውን አያምርም ማለት አልችልም። እሷም ወደደችው፤ እኔም ወደድኩት። ያን ዓይነት ቀሚስ ደብረ ብርሃን ላይ መስፋቴ ደግሞ ስሜን ያስጠራልኛል ብዬ አሰብኩ። ይህንን አሁን ላይ ሳስበው ደስ አይለኝም። ለእህቴ የምሰፋ መስሎኝ ለፎቶው ነበር የምሰፋው።

ትከሻው መጀመሪያ ወደቀ። ጥር የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ማታ ድንኳን ውስጥ እንኳ ሰው ጋቢ ይደርባል። ሙሽራ ትከሻዋን ገልጣ ስትንቀጠቀጥ ማየት አልፈልግም አለች እናቴ። እህቴም ብዙ አልተከራከረችም። እጅጌ ይግባበት ተባለ። ረዥም፣ ክንዷን ይዞ የሚወርድ ጠባብ እጅጌ።

የዓሣው ጭራ ሁለተኛ ወደቀ። እሱን የጣለው ወርዱ ነው። እንዲያ የሚዘረጋ ቀሚስ በሰያፍ ነው የሚቆረጠው፤ በ85 ሳንቲ ወርድ በሰያፍ ከተቆረጠ ደግሞ ግማሹ ጨርቅ ብጥስጣሽ ሆኖ ይቀራል። የአያቴን ፈትል ብጥስጣሽ ማድረግ አልሆነልኝም። ስለዚህ ሦስት ወርድ ጎን ለጎን ገጥሜ ሽንሽን አደረግኩት። 255 ሳንቲ የነበረው ወገቧ ላይ 70 ሆኖ ተሰበሰበ። ጥለቱ ከታች ዙሪያውን ሄደ። ይህ ለውጥ ደስ አለኝ። ሸማ ሲሸነሸን ራሱ ቦታውን ያውቀዋል፤ እጥፋቱ ተኮሳ ሳይነካው ይተኛል።

ከወገብ በላይ ግን ፎቶውን አልለቅም አልኩ። ሌላው ሁሉ ተቀይሯል፣ ቢያንስ ላዩ እንደ ፎቶው ይሁን አልኩ። የመጀመሪያውን ላይኛ ክፍል ለተገለጠ ትከሻ ብዬ ቆርጬው ስለነበር አንድ ሜትር ያህል ጨርቅ ባከነ። እንደገና ቆረጥኩ። ፔንሱን፣ ጨርቁን ገላ ላይ የሚያጠብቀውን እጥፋት፣ ከፊትም ከኋላም አጥብቄ ያዝኩት። እጅጌውን ብብቷ ሥር አስጠግቼ ገጠምኩት። ጀርባዋ ላይ ዚፕ ገባ። እህቴ ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም ልክ በልኳ ነበር። አንዲት መስመር አልታጠፈችም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። እኔ አልቸኮልኩም ነበር። ያንን ነው ደጋግሜ የማስበው። በጥንቃቄ፣ በትዕግሥት፣ ሚሊ ሜትር እየቆጠርኩ ነው የተሳሳትኩት። ስልክ ላይ ያለችው ልጅ አትቀመጥም። አትበላም። የአማት ጉልበት አትስምም። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለዘላለም ቆማለች። እኔ እህቴን እሷን አደረግኋት።

እቴቴ የመጡ ቀን

እቴቴ የአባታችን ታላቅ እህት ናቸው። ከሞላሌ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ በጣርማ በር ዞረው፣ ለድግሱ ሊያግዙ ቀደም ብለው መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በአንድ ፌስታል በሶ፣ በአንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ ይዘው። ቤት ሳይገቡ ቀጥታ ወደ ሱቅ ነው የመጡት። «ቀሚሱን ሳላይ ቡና አይወርድልኝም» አሉ።

እህቴ ለበሰችላቸው። እቴቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት። ጥለቱን ሳይሆን ነጩን ነው ያሹት። «ይሄ የእሷ እጅ ነው» አሉ። አያቴን ማለታቸው ነው። ዐይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ሆዴ ባባ። ቡና ተፈላ፤ ቆሎው ተዘገነ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ዘፈን የለም፣ ከበሮ የለም።

ሁለተኛው ስኒ ላይ እቴቴ ድንገት «በይ እስቲ ትከሻሽን ልየው» አሉ።

«እቴቴ፣ ጾም እኮ ነው» አለች እናቴ።

«ዘፈን አላልኩም። ልብሱን ነው የማየው» አሉና በጣም ቀስ ብለው፣ መዳፋቸውን ብቻ አጨበጨቡ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። የማይሰማ ያህል ነው።

እህቴ ሳቀች። ከዚያ ጀመረች። ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። አንገቷ ተንቀሳቀሰ። ራሷ ግራ ቀኝ አለ። ትከሻዋ ግን ቀረ። እንደ ወትሮው ሊነሳ ይሞክርና ግማሽ መንገድ ላይ ይመለሳል። ክንዷ ከጎኗ አልተላቀቀም። አንዴ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰነዘረች፤ ቀሚሱ ከወገቧ ጀምሮ አብሮ ተነሳ፣ ሽንሽኑ በአንድ ጎን ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ የታችኛው ጥለት ተንጋደደ። ወዲያው እጇን መለሰችና በመዳፏ ጨርቁን ወደ ታች ሳብ አደረገችው። ይህን ያደረገችው ሳታስብ ነው። ማንም እንዳያይ በሚመስል ፍጥነት።

ያቺ እጅ ናት የያዘችኝ። ጨርቁን ወደ ታች የሳበችው እጅ። ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ሴት እዚህ መስታወት ፊት እንዲህ ጨርቋን ወደ ታች ሳብ አድርጋለች? አይቼ ምን አሰብኩ? ምንም አላሰብኩም። ሴት ልጅ አዲስ ልብስ ስትለብስ የምታደርገው ነገር ነው ብዬ ነበር የማልፈው።

እቴቴ ጭብጨባቸውን አቆሙ። ምንም አላሉም። ስኒያቸውን አንስተው ፉት አሉ። ሲናገሩ ለእኔም ለእሷም አልነበረም፤ ለቡናው የሚናገሩ ነበር የሚመስሉት። «ያምራል። ያምራል እንጂ» አሉ።

እስፒሎቹን ይዤ ልለካት ተጠጋሁ። «ጠበበሽ እንዴ?» አልኳት እህቴን።

ያን ጊዜ ነው «ምንም አይደል እታለም፤ የዚያን ቀን ብዙ አልጨፍርም» ያለችኝ።

መጣፊያ መስሎኝ የኖረው

ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሳሁ። ሱቄ ከቤታችን ጋር በጓሮ ይገናኛል። መርፌ በብርድ እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ በሌሊት ያልሰፋ ሰው አያውቀውም። ከሰል ለኮስኩና ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ማንም ልብስ ሰፊ የሚያደርገው ነው። ብብቱን ወደ ታች ቆርጦ ማስፋት። ደንበኛ «እዚህ ጋ ያዘኝ» ስትል ሁላችንም መቀሱን ብብት ሥር እናስገባለን። ጠመኔውን አንስቼ ሦስት ሳንቲ ወደ ታች ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ግን እህቴ እጇን ስታነሳ የሆነው ትዝ አለኝ። ቀሚሱ ከወገቧ ነበር የተነሳው። ብብቱን ይበልጥ ባወርደው እጅጌው ከጎኗ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይበልጥ ይወርዳል። ያኔ እጇን ባነሳች ቁጥር ክንዷ ቀሚሱን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ሰፋ ይመስላል፤ ቆማ ስትለካው ይመቻታል። ስትጨፍር ግን ይብስባታል። ይህንን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ጠመኔውን በእጄ አራገፍኩት።

እናቴ የከሰሉ ሽታ ቀሰቀሳት መሰለኝ፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። ቀሚሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ ወጣች። ስትመለስ የአያቴን አሮጌ ቀሚስ ይዛለች። ከልቃቂቶቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ነው። አቡጀዲ ነው፤ ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል። እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አያቴ ስትታቀፈኝ ፊቴ የሚያርፈው ብብቷ ሥር ነበር። እዚያ ቦታ ላይ አራት ማዕዘን መጣፊያ አለ። ተቀዶባት የጣፈችው ነበር የሚመስለኝ። አያቴ ድሃ ነበረች ብዬ የማስበውም በእሱ ምክንያት ነው።

እናቴ እጅጌውን ዘርግታ ብብቱን ከሰሉ ብርሃን ላይ ያዘችው። «እዪው» አለችኝ። አየሁት። በሁለቱም ብብት ላይ አለ። በሁለቱም እኩል ነው። ስፌቱ ከቀሚሱ ስፌት ጋር አንድ ዓይነት ክር፣ አንድ ዓይነት እጅ ነው። ተቀዶ የተጣፈ አይደለም። ከመጀመሪያው አብሮ የተሰፋ ነው።

«መጣፊያ አይደለም?» አልኩ።

«ምን መጣፊያ? ብብት ነው እንጂ። በዚህ ቀሚስ ፈጭታበታለች። እንስራ ተሸክማበታለች። እኔን የዳረችኝ ቀን ጨፍራበታለች። ያለሱ እንዴት አድርጋ ክንዷን ታነሳለች?»

ቀሚሱን ተቀብዬ ክንዱን ወደ ላይ አነሳሁት። ሌላው ቦታ ንቅንቅ አላለም። አራት ማዕዘኑ ብቻ እንደ ዣንጥላ ተዘረጋ። ሲወርድ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጠፈና ጠፋ። ቆማ ላያት ሰው የለም። ስትንቀሳቀስ አለ።

ዲዛይን የሚለውን ቃል በአማርኛ ንድፍ እንለዋለን። ጥጥ በደጋን ሲመታም ተነደፈ ይባላል። አያቴ ነዳፊ ነበረች። የያዘችው እርሳስ አልነበረም፣ ደጋን ነበር። ፋሽን የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅም። ግን ክንድ መነሳት እንዳለበት አውቃ ነው ቀሚሷን የሰፋችው። እኔ ስልክ ላይ ፍለጋ የማጠፋውን ጊዜ ሁሉ ይህ ቀሚስ ከአልጋ በታች ተኝቶ ነበር።

መተርተር ጀመርኩ። የእጅ ሸማ ሲተረተር ልብ ይጠይቃል። ክሩን ጎተት ካደረጉት ማጉ አብሮ ይመጣል፤ ከዚያ ጨርቁ ይበተናል። አንድ በአንድ፣ በምላጭ ጫፍ፣ ትንፋሼን ይዤ ብብቱን ከጎን እስከ እጅጌ ፈታሁት። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የፈታሁትን ክር ከጉልበቷ ላይ ትለቅም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ጨርቅ አጣሁ። ነጭ የቀረኝ የለም። ቀሚሱ ሦስት ሜትር ከምናምን በላ፣ የተበላሸው ላይኛ ክፍል አንድ ሜትር በላ፣ እጅጌና መቀነት የቀረውን በሉ። እጄ ላይ የቀረው ጥለት ያለበት ጠባብ ቁራጭ ነው። አረንጓዴና ወርቃማ። ጥለት ብብት ውስጥ? ገበያ ወጥቼ ተመሳሳይ ነጭ ልፈልግ አልኩ። ግን የአያቴ ፈትል ከሌላ ፈትል ጎን ሲቆም ይለያል፤ ነጭነቱም ውፍረቱም አይገጥምም።

ቁራጩን በሁለት ጣቴ ይዤ በቁመቱ ጎተትኩት። እንቢ አለ። በወርዱ ጎተትኩት። እንቢ አለ። በሰያፉ ጎተትኩት፤ ሰጠኝ። ሸማ እንዲህ ነው። ድርና ማጉ ቀጥ ብለው ሲያዙ አይለጠጡም፤ በማዕዘን ሲያዙ ግን ይላላሉ። ጥለቱ የሳሳበትን ቦታ መርጬ አሥር በአሥር ሳንቲ የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች በሰያፍ ቆረጥኩ። ለስፌት አንድ አንድ ሳንቲ ሲወጣላቸው ስምንት በስምንት ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ተበላሸብኝ። የአራት ማዕዘኑ ጫፍ ወደ እጅጌው የሚገባበት ቦታ ላይ ጨርቁ መቀስ ሲነካው ተበተነ። ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ጣቴን ጭኜበት ተቀመጥኩ፤ ማልቀስ አማረኝ። እናቴ ከገበሩ የተረፈች ቀጭን ጨርቅ አቀበለችኝ። ጫፉ ላይ ከውስጥ በኩል ትንሿን ጨርቅ አስደግፌ መጀመሪያ በእጅ ሰፋሁት፤ ከዚያ በመኪና አለፍኩበት። ያዘ። ሁለተኛውን ከመቁረጤ በፊት መደገፊያውን አስቀደምኩ። ዶሮ ሲጮህ ሁለቱም ብብት ገብቷል።

ያምራል

እህቴ ጠዋት ስትለብሰው ምንም አልነገርኳትም። እጇን ከጎኗ አድርጋ መስታወቱ ፊት ቆመች። ምንም የተለወጠ ነገር አላየችም። «ምኑን ነካሽው?» አለችኝ።

«እጅሽን አንሺው።»

አነሳችው። ወገቧ አልተንቀሳቀሰም። ሽንሽኑ እንዳለ ቆመ። ብብቷ ሥር አረንጓዴና ወርቃማው ብቅ አለ። አወረደችው፤ ጠፋ። እንደገና አነሳችው። ከዚያ ሁለቱንም አነሳች። ጾሙን ረሳችው መሰለኝ፣ ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታችውና አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መልስ የፈለግኩለት ሌላ ነገር ነበር። «ትላንት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ደክመሽበታል እኮ እታለም። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ይሉኝታ የምንለው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። እህቴ ናት፤ አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው። ስቆጣትና ስታኮርፈኝ ነው የኖርነው። እንዲያም ሆኖ ልፋቴን ላለማስከፋት ሰርጓን ክንዷን አጣብቃ ልትውል ወስና ነበር። እህቴ ይህን ካደረገች ደንበኞቼ ምን ያደርጋሉ? ብራቸውን ከፍለው፣ ቆመው፣ «ያምራል፤ እጅሽን ይባርከው» ብለው ይሄዳሉ። እኔም ተመርቄያለሁ ብዬ ደስ ይለኛል። ጥያቄዬ ሁልጊዜ «ወደድሽው?» ነበር። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ አንድ ጨዋ ሴት ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው። «እስቲ እጅሽን አንሺ» ብዬ አላውቅም። እጅ ይሉኝታ የለውም፤ ካልተነሳ አልተነሳም።

ሰርጉ አለፈ። መልሱም አለፈ። ጨፈረች ወይ ለምትሉኝ፣ ጨፍራለች። አረንጓዴውን ያዩ ሴቶች ሆን ተብሎ የተደረገ ፋሽን መስሏቸው ሦስቱ «ለእኔም እንደዚያ» ብለው አዘዙ። እቴቴ ግን አያቴን አውቀዋታልና ድንኳን ውስጥ እህቴ እጇን ባነሳች ቁጥር እኔን ነበር የሚያዩት።

ከሰርጉ በኋላ ደብተሬን አወጣሁ። የሰው ልክ የምጽፍበት ነው፤ ስልክ ቁጥርም አለበት። ጠባብ እጅጌ የሰፋሁላቸውን ለይቼ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር። «ያ ቀሚስ እንዴት ነው?» ስል ሁሉም «ኧረ በጣም ያምራል» ይላሉ። ከዚያ «እጅሽን ስታነሺ ያዝ ያደርግሻል?» እላለሁ። እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። አንዷ ሳቀች። አንዷ «ልጅ አቅፌ ስለማልጨፍር ምንም አይል» አለችኝ። አንዷ ለእህቷ ሰጥታዋለች።

አራተኛዋ ደብረ ሲና ነው የምትኖረው። ዓምና ለልጇ ክርስትና ነበር የሰፋሁላት። «እውነቱን ልንገርሽ?» አለችኝ። «ንገሪኝ» አልኳት። «ብብቱን በመቀስ ቀድጄው ነው የምለብሰው። ከላይ ነጠላ ስለማደርግ አይታይም።»

አምጪው አልኳት፤ አይከፈልበትም። ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ አመጣችው። አውጥታ ሳትሰጠኝ በፊት ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ናት ይቅርታ የጠየቀችው። ቀሚሱን ገለበጥኩት። ቀዳዳው በሁለቱም ብብት ላይ አለ፤ እንዳይሰፋ ብላ ጠርዙን በጥቁር ክር በእጇ ዘምዝማዋለች። ነጭ ክር ቤቷ አልነበረም ይሆናል። ዝምዘማው ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ልጅ አስተኝታ፣ ማታ ማታ የሠራችው ይመስላል።

ጥቁሩን ክር ልፈታው ምላጬን አነሳሁ። ከዚያ አስቀመጥኩትና ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወረድኩ።

«ነጠላሽን አስቀምጪና ነይ» አልኳት። «እጅሽን ወደ ላይ አድርጊልኝ። እንደዚያ እንዳለሽ ነው የምለካሽ።»